አስሩንም ጣት እይ

ባለፈው ሳምንት ሰደርያዬን መለስኩ። ጀርባው ላይ «ምርጫ አስፈጻሚ» የሚል ጽሑፍ ነበረበት፤ በእጥበት ብዛት «ምርጫ» የሚለው ጠፍቶ «አስፈጻሚ» ብቻ ቀርቷል። ከሰደርያው ጋር የአንገት መታወቂያዬንና አንድ የተሰነጠቀ ማኅተም አስረከብኩ። ጽሕፈት ቤት ያለችው ልጅ የመልቀቂያ ቅጽ ሰጠችኝ። «የለቀቁበት ምክንያት» ከሚለው ፊት አንዲት አጭር መስመር አለች። «ዕጩ ልሆን ነው» ብዬ ጻፍኩባት።

ልጅቷ አንብባ ቀና አለች። «የምን ዕጩ?»

«የከተማ ምክር ቤት።»

«በየትኛው ፓርቲ?»

«በግሌ።»

«ውይ ሀናን! አንቺ እኮ ሰውን ፊት ለፊት የምትሳደቢ ልጅ ነሽ። ማን ይመርጥሻል?»

«ከኋላ ከሚሳደበው እሻላለሁ» ብያት ወጣሁ።

አስፈጻሚም ዕጩም መሆን አይቻልም፤ ልክም ነው። ስለዚህ ሠላሳ ዓመት ሳይሞላኝ ከአንድ ሥራ ጡረታ ወጣሁ ማለት ነው። ጡረተኛ ደግሞ የሠራበትን ዘመን ይጽፋል አይደል? እኔም ልጻፍ። ብዙ መቀመጥ ስለማልወድ ቶሎ ቶሎ እሄዳለሁ፤ የምቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው፣ እሱንም ስንደርስ ታዩታላችሁ።

የጅማ፣ የጊንጆ ጉዱሩ ሰፈር ልጅ ነኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ስጨርስ ለዩኒቨርሲቲ የሚበቃ ነጥብ አልመጣልኝም። ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጠርኩ። አንድ ቀን የምርጫ አስፈጻሚ ምልመላ ማስታወቂያ አምስት መቶ ኮፒ አውጪ ተባልኩ፤ ሦስት መቶኛው ላይ ስደርስ ሰለቸኝና ማስታወቂያውን አነበብኩት። «ጽሑፉ የሚነበብ፣ አፋን ኦሮሞና አማርኛ የሚችል» ይላል። ሁለቱም እኔ ነኝ። በማግስቱ ሄጄ ተመዘገብኩ። ምርጫ በየቀኑ የለም፤ ሲኖር እሄዳለሁ፣ ሲያልቅ ወደ ፎቶ ኮፒዬ እመለሳለሁ። እንዲህ እያልኩ ዓመታት አለፉ። ስለ አበል አላወራም። ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣ ደስ ይላል፣ አለቀ።

መጀመሪያ የተመደብኩት ጅሬን ነበር፣ የመራጮች ምዝገባ ላይ። አለቃዬ ፊሽካ የሚወድ ሰው ነበር፤ ሰልፉ ትንሽ ከተጣመመ ፊሽካውን ይነፋል። አንድ ሽማግሌ ዕድሜያቸውን ስጠይቃቸው «ኳስ ጨዋታ ነው እንዴ ይሄ?» ብለው ወደ እሱ አዩና፣ «ልጄ፣ ዕድሜዬን ተይውና ያንን ሰውዬ ቀይ ካርድ ስጪው» አሉኝ። ቀጥሎ ኪቶ ፉርዲሳ ተላክሁ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ዘንድ። እዚያ ሁሉም ሕጉን ከእኔ በላይ ያውቃል፤ መታወቂያውን ግን ሁሉም ዶርም ረስቶ ነው የሚመጣው። ከሁለቱም ቦታ የተማርኩት መጮህ ነው። ሥራውን የተማርኩት ሦስተኛው ቦታ ላይ ነው።

ሦስተኛው ቦታ ከአጋሮ ወዲያ ያለች ትንሽ የቡና ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም፤ ሰዎቹ አሁንም እዚያው ናቸው። አንድ የአስፋልት መንገድ፣ ሁለት የቡና ማጠቢያ ጣቢያ፣ አንድ ትምህርት ቤት። ምርጫው ለከተማዋ ምክር ቤት ነበር፤ ጣቢያው የትምህርት ቤቱ ሦስተኛ ክፍል ውስጥ ነው። የጣቢያው ኃላፊ ደግሞ ጋሽ ወርቁ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁልጊዜ ሁለት እስክሪብቶ የማይጠፋ።

ጋሽ ወርቁ ምክንያት አያስረዱም። «እንዲህ አድርጊ» ይላሉ፣ ከዚያ ዝም ነው። ለእኔ ዓይነቷ ችኩል ይሄ ቅጣት ነበር። መራጩ ተደብቆ ወረቀቱ ላይ ምልክት የሚያደርግባትን ጥግ ስናዘጋጅ፣ እሳቸው ገብተው እንደ መራጭ ጎንበስ ይሉና «በመስኮቱ በኩል እለፊ፤ እጄ ይታይሻል?» ይላሉ። «ይታየኛል ጋሽ ወርቁ።» ጠረጴዛውን ያዞሩታል። «አሁንስ?» «ክርንዎ ብቻ።» እንደገና ያዞሩታል። ያን ጠዋት ስድስት ጊዜ ዞሬያለሁ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ «ይቺ ልጅ ምን ጠፍቷት ነው?» ብሎ ጠየቀ።

ኮሮጆውን ባዶ መሆኑን ሲያሳዩ ገልብጦ መምታት አይበቃቸውም፤ እያንዳንዱ ታዛቢ እጁን አስገብቶ አራቱንም ማዕዘን እንዲዳስስ ያደርጋሉ። ድምፅ መስጫ ወረቀቱን ለመራጭ ሲሰጡ በቁመቱ አጥፈው፣ ከፍተው፣ እንደገና አጥፈው ያሳዩታል። በወርዱ ከታጠፈ ያልደረቀው የጣት አሻራ ሌላው ዕጩ ላይ ይታተማል፤ ያ ድምፅ ሲቆጠር ጭቅጭቅ ነው። ይህንንም እሳቸው አልነገሩኝም፤ አንድ ወረቀት አበላሽቼ ራሴ አየሁት። አንዲት እናት «ልጄ፣ የትኛው ላይ ላድርግ?» ብለው ሲለማመጡኝ ጣቴን ላነሳ ስል ጋሽ ወርቁ ክንዴን ያዙኝ። «እጅሽን ኪስሽ ክተቺ» አሉኝ። እስከ ቀትር እጄን ኪሴ ከትቼ ነው «እርስዎ የሚፈልጉት ላይ» ስል ያረፈድኩት።

በር ላይ ለሚቆም ሰው ደግሞ አንድ ትእዛዝ ነበራቸው። የመረጠ ሰው የግራ አውራ ጣቱ ላይ የማይለቅ ቀለም ይቀባል፤ በር ላይ ያለው ሰው ጣት እያየ፣ ቀለም ያለበትን ይመልሳል። ጋሽ ወርቁ «አስሩንም ጣት እይ» አሉኝ።

«ቀለሙ ያለው አንዱ ላይ ነው እኮ!»

«አስሩን።»

በልቤ፣ የሽማግሌ ነገር ነው አልኩ።

ተፎካካሪዎቹ ሁለት ናቸው። አንዱ የፓርቲ ዕጩ፣ አንዱ ደግሞ በግሉ የቀረበ ከማል የሚባል አናጺ። የከማል የምርጫ ምልክት መሰላል ነበር። ቅስቀሳ ላይ እውነተኛ መሰላል ተሸክሞ ገበያውን ያቋርጣል። «መሰላል ምረጡ፣ ወደ ላይ እንውጣ!» ሲል፣ ሽንኩርት ሻጮቹ «የምትወጣው አንተ፣ ደግፈን የምንይዝልህ እኛ! ስንሰማህ ነዋ!» ብለው ይስቁበታል። እሱም አብሮ ይስቃል። «እንግዲያው ስወጣ አትልቀቁኝ» ይላል። የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ከማጠቢያ ጣቢያዎቹ ወደ ታች ሰፈር የሚወርደው ቆሻሻ ውሃ እንዲገደብ። የሰፈሩ ልጆች በዚያ ውሃ ይታመሙ ነበር፤ የእሱም ልጅ ታማለች። ለዚህ ነው የተወዳደረው።

የምርጫው ጠዋት የሌላኛው ዕጩ ታዛቢ ሮጦ መጣ። «ከጣቢያው አጥር ማዶ፣ የከማል ቤት ግድግዳ ላይ መሰላል ቆሟል! ይሄ ቅስቀሳ ነው!» ከማል ደግሞ «የሥራ መሣሪያዬ ነው፤ ምን ላድርገው፣ ልብላው?» ብሎ ይጮኻል። ጋሽ ወርቁ ሜትር አውጥተው ርቀቱን ለኩ፤ ሕጉ ከሚለው ያንሳል። ወደ ከማል ዞረው «አስተኛው» አሉት።

«ቢተኛስ መሰላል አይደለም?»

«የተኛ መሰላል ከአጥሩ በላይ አይታይም» አሉት። ሁለቱም ወገን ሳቀ፤ መሰላሉም ተኛ።

ምርጫው ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ስለነበር ቀኑ ቡናው መቅላት የጀመረበት ሳምንት ላይ ወድቋል። ከሰዓት በኋላ ነው። ሰልፉ ረዝሟል፤ ፀሐዩ ይለበልባል፤ ከጠዋት ጀምሮ ደግሞ «ሁለት ካርድ የያዙ ሰዎች አሉ» የሚል ወሬ ይናፈሳል። በር ላይ ያለሁት እኔ ነኝ። ጋሽ ወርቁ ውስጥ አንድ ዓይነ ስውር አባትን የሚረዳውን ዘመዳቸውን ቃል ያስገባሉ። በዚህ መሐል አንድ አይሱዙ መጥቶ ቆመና ሰባት ቡና ለቃሚ ሴቶች ወረዱ፤ ከጫካ በቀጥታ መምጣታቸው ነው። ከፊት ያሉት አዴ ዘይነባ ነበሩ፤ ያኔ ስማቸውን አላውቅም፣ ሃምሳ የተሻገሩ፣ ትከሻ ሰፊ ሴት፤ አዴ የምንለው እናት ለማለት ነው።

«ግራ እጅ» አልኩ።

ሰጡኝ። አውራ ጣታቸው እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል።

«መርጠዋል» አልኩ።

«ማል?» አሉ፣ ምን ማለትሽ ነው ለማለት። «አሁን መምጣቴ ነው፣ ኢንተላ ኮ፣ ልጄ። መኪናው ያው፤ ሞተሩ እንኳ አልበረደም።»

«ጣትዎ ሌላ ነው የሚለው።»

«ጣቴማ ቡና ነው የሚለው! ወላሂ ቡና ነው። ሀርካ ኮ ኢላሊ፣ እጄን እይው፣ ሁለቱንም እይ!» ብለው ቀኝ እጃቸውንም ዘረጉ።

አላየሁም። እውነቱ ይሄ ነው። እጃቸው አፍንጫዬ ሥር ተዘርግቶ እኔ ከኋላቸው ያለውን ሰልፍ ነበር የማየው። «ሴትዮ፣ ሰልፍ አያስቁሙ» አልኳቸው። በእናቴ ዕድሜ ያለችን ሰው «ሴትዮ» አልኩ።

«ሌባ ነሽ እያልሽኝ ነው?»

ከሰልፉ አንድ ሰው ሳቀ። እሳቸው ሻሻቸውን አጠበቁና ዞረው ሄዱ። የቀሩት ስድስቱ ተያዩ። አንዷ «ኮታ፣ ዴምና!» አለች፤ ኑ እንሂድ ማለቷ ነው፤ እጃቸው ሁሉ አንድ ዓይነት ነውና ተራቸው ሳይደርስ ምን እንደምላቸው አውቀውታል። አይሱዙው አቧራ አልብሶኝ ተመለሰ።

ጋሽ ወርቁ ሲወጡ አቧራው ገና አልረጋም። «ለቃሚዎቹ የት ሄዱ?»

«አንዷ መርጣ በድጋሚ ልትገባ ስትል መለስኳት። የቀሩት ተቆጥተው ሄዱ።»

«አስሩን አየሽ?»

«አውራ ጣቷን አየሁ።»

«አስሩን አየሽ ወይ ነው ያልኩሽ።»

ያኔ ገባኝ። የማይለቀው ቀለም አንድ ጣት ነው የሚያጠቁረው። የእሸት ቡና ውሃ ሲደርቅ ግን አስሩንም ያጠቁራል። የጅማ ልጅ ሆኜ፣ ከቡና በቀር ምንም በማይወራበት አገር አድጌ፣ ቡናን የማውቀው በከረጢት ነበር። የለቃሚ እጅ ምን እንደሚመስል አላውቅም።

ጋሽ ወርቁ አልተቆጡም። የሰባቱን ስም ከዘበኛው ጠይቀው መዝገቡ ላይ ፈለጉ፤ ሰባቱም አልፈረሙም። ባጃጅ አስጠሩ። ሁለቱንም ታዛቢዎች አብረው አሳፈሯቸው፤ በመንገድ ላይ አንዱ ለብቻው ቀሰቀሰ እንዳይባል። «ጣቢያው ስህተት ሠርቷል፣ ተመለሱ በሏቸው። ሌላ ቃል አትጨምሩ» አሉ። ባጃጁ ጫካው ጫፍ ድረስ ሄዶ፣ መዝጊያው ሰዓት ሊደርስ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው ከሴቶቹ ሁለቱን ይዞ ተመለሰ። አዴ ዘይነባ አልነበሩበትም። «ሁለት ጊዜ አልዋረድም» ብለዋል አሉ።

ሰባት ሆነው መጥተው ሁለት ተመለሱ፤ አምስት ቀሩ። ቆጠራው ሲያልቅ ከማል በአራት ድምፅ ተሸንፏል።

አምስቱ ማንን ሊመርጡ እንደነበር ማንም አያውቅም። አምስቱም ሌላውን ሊመርጡ ይችሉ ነበር። ለራሴ እንዲህ ስል ከረምኩ። ግን ድምፅ ምስጢር ስለሆነ መጽናኛዬም ማረጋገጫ የለውም፤ እስከ ዛሬም የለውም።

ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ የአሸናፊው ታዛቢ «ይሄን ነገር መጻፍ ምን ያደርጋል? ከተማው ይረበሻል» አለ። እኔም በልቤ አብሬው ነበርኩ። ጋሽ ወርቁ ከኪሳቸው አንዱን እስክሪብቶ አውጥተው ወደ እኔ ገፉት። «ያደረግሽው አንቺ ነሽ፤ የምትጽፊውም አንቺ ነሽ። ስምሽን አስገቢ።» ጻፍኩ። «እኔ ሀናን፣ በር ላይ ቆሜ፣ እጃቸውን በሙሉ ሳላይ መራጭ መልሻለሁ።» እሳቸው ከሥሩ «ኃላፊው እኔ ነኝ» ብለው ፈረሙ። ከማል በዚያ ወረቀት አቤቱታ አቀረበ፤ ተሰማለት፣ ውጤቱ ግን ጸና። አንድ ቃል አልተናገረኝም። መሰላሉን አንስቶ ሥራው ሄደ። ቢሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

በማግስቱ ጋሽ ወርቁ «ተነሺ፣ ሴትዮዋ ጋ እንሄዳለን» አሉኝ። አዴ ዘይነባን አንደኛው ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ አገኘናቸው፤ ማድረቂያው አልጋ ላይ ከተዘረጋው ቡና ብልሹውን እየለቀሙ ይጥላሉ። ቀና ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት፣ አዴ።»

«በአፍ?»

«በምን ልጠይቅ?»

ጥግ ላይ ያለውን ቅርጫት በአገጫቸው አሳዩኝ። «ነገ ጠዋት ጫካ እንገባለን። ነዪ።»

ጋሽ ወርቁን አየኋቸው። እሳቸው ዛፍ ያያሉ።

ሄድኩ። ከጠዋት እስከ ከሰዓት ለቀምኩ። አረንጓዴውን ትተሽ ቀዩን ብቻ፣ ቅርንጫፉን ሳትሰብሪ፣ ፍሬውን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ጠምዘዝ አድርገሽ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወገቤ፣ ከዚያ አንገቴ፣ ከዚያ ጉንዳኑ። ሴቶቹ እያዩኝ ይስቃሉ፤ «የመንግሥት ሠራተኛ፣ እረፍት የለም እዚህ!» ይሉኛል። እኔ አንድ ቅርጫት ሳልሞላ አዴ ዘይነባ ሦስተኛውን ገለበጡ። ሲያበቃ አዴ ዘይነባ አጠገቤ መጡና ግራ እጄን ያዙ። አውራ ጣቴን ወደ ፀሐይ አዙረው አዩት። እስከ ጥፍሩ ሥር ጠቁሯል።

«እምም» አሉ። «መርጠሻል። ወደ ቤትሽ ሂጂ።»

ጫካው በሳቅ ተናወጠ። እኔ አለቀስኩ፤ ከዚያ እኔም ሳቅሁ። ሎሚ ቆርጠው እጄን በእጃቸው አሹልኝ። ጥቁረቱ ሳምንት ቆየ። ፎቶ ኮፒ ቤት ሰው ሁሉ «ምን ሆነሽ ነው?» ይለኛል። ደስ እያለኝ ነበር የምነግረው።

ከዚያ ወዲህ ስንት ጣቢያ ላይ ቆሜያለሁ። የማር ቆራጭ እጅ፣ የብረት በያጅ እጅ፣ የሙሽራ ሂና ያለበት እጅ አይቻለሁ። ለእያንዳንዱ «ሁለቱንም እጅዎን ያሳዩኝ፣ አባባ፤ አስሩንም» ስል ሰዎች ይስቁብኛል። ይሳቁ። ከዚያ በኋላ አንድም መራጭ በስህተት አልመለስኩም። አልሐምዱሊላህ። ይህ ሥራ ብዙ ነገር ሰጥቶኛል፤ በሩ ላይ የቆመ ሰው ምን ያህል ሊያጎድል እንደሚችል አሳይቶኛል፣ ጋሽ ወርቁን ሰጥቶኛል፣ አዴ ዘይነባን ሰጥቶኛል። ለአንድ ሰው ሕይወት ይሄ አያንስም።

ታዲያ ለምን ለቀቅሁ? እዚያች የቡና ከተማ አግብቼ ከገባሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። ያ ውሃ አሁንም ወደ ታች ሰፈር ይወርዳል። ከማል ዘንድሮ እንዲወዳደር ለምኜው ነበር። «እኔ አንዴ ወጥቻለሁ። አሁን አንቺ ውጪ፣ መሰላሉን እኔ እይዛለሁ» አለኝ። ለካ ያን ምርጫ አልረሳውም፤ ቂም ግን አልያዘም።

ጋሽ ወርቁን ላማክር ጅሬን፣ ቤታቸው ሄድኩ። ጉልበታቸው ደክሟል፤ ዘንድሮም ግን ጣቢያ ላይ ይቀመጣሉ። ነገርኳቸው።

«ሰደርያውን መልሰሻል?»

«መልሻለሁ፣ ጋሽ ወርቁ።»

«እንግዲያው ዕጩ ነሽ። እኔ አስፈጻሚ ነኝ። ስለ ምርጫ አላወራሽም።» ሻይ አቀረቡልኝና አንድ ሰዓት ሙሉ ስለ ዝናብ አወራን። ስወጣ በር ድረስ ሸኝተውኝ ከሸሚዛቸው ኪስ አንዱን እስክሪብቶ ሰጡኝ። ያም ስለ ምርጫ አልነበረም።

በግል ለመወዳደር የድጋፍ ፊርማ ያስፈልጋል። ቅጹን ይዤ መጀመሪያ የሄድኩት አዴ ዘይነባ ዘንድ ነው። እምቢ ቢሉኝ ቅጹን ቀድጄ ወደ ፎቶ ኮፒዬ ልመለስ ወስኜ ነበር፤ ለማንም አልነገርኩም። ወቅቱ የለቀማ አይደለም፤ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠው የልጅ ልጃቸውን ጸጉር ይሠራሉ። ጉዳዩን ስነግራቸው የያዙትን ሹሩባ እስከ ጫፉ ጎንጉነው ጨረሱ።

«አንቺ ያቺ በር ላይ የቆምሽው ልጅ ነሽ» አሉ፣ እንዳላወቁኝ ሁሉ።

«እኔው ነኝ፣ አዴ።»

«እኔ መጻፍ አልችልም።»

«በአሻራ ይሆናል። ቀለም ይዣለሁ።»

ሁለቱንም እጃቸውን ዘረጉልኝ፣ ጣቶቻቸውን ከፍተው። «መጀመሪያ እይ» አሉኝ።

አየሁ። ከትንሿ ጣት ጀምሬ፣ አንድ በአንድ፣ አስሩንም። አልቸኮልኩም። ንጹሕ ነበሩ።

ግራ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ፤ ከዚያ ቅጹ ላይ፣ በመጀመሪያው መስመር። ጣታቸውን አንስተው ጥቁረቱን ሲያዩት ቆዩና፣ «ይሄ እንድትወዳደሪ ነው» አሉ። «የማንን ስም እንደምመርጥ ግን አልነግርሽም።»

«አይንገሩኝ» አልኩና እጄን ኪሴ ከተትኩ።